ባለቤቱ በአካል ሲቀርቡ

ይድረስ ለምሳሳልሽ እናቴ።

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ባለፈው ደረጃ መውጣት እንደከበደሽ፣ የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል እንፋሎትም ሳል እንዳመጣብሽ ጽፈሽልኝ ነበርና ሐሳቤ እዚያው ቀርቷል። የላኩልሽን ቅባት ተቀቢው። ለክፉ ቀን ብለሽ መሳቢያ ውስጥ አትደብቂው፤ ክፉው ቀን እንደሆነ ከመጣ ቆይቷል። እኔ እንዳለሁ አለሁ። በየደብዳቤዬ ራስ ላይ «ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ» እያልኩ የምጽፍልሽን ግን ዛሬ አልጽፈውም። ናፍቆቱ እውነት ነው፤ ደህና ነኝ ያልኩሽ ሁለት ዓመት ሙሉ ውሸት ነበር።

ይህን ደብዳቤ ፈረቃሽ ሲያልቅ፣ ተቀምጠሽ አንብቢው። እንደ ልማድሽ ለክፍል ጓደኛሽ ጮክ ብለሽ አታንብቢላት። እስካሁን የጻፍኩልሽን ሁሉ እንደሰማች አውቃለሁ፤ ይኼኛው ግን ላንቺ ብቻ ነው።

«የአውሮፕላን ጣቢያውን ጉድ ጻፊልኝ» ማለት ትወጃለሽ። እንግዲህ ከከባዱ በፊት ቀለል ያለውን ልስጥሽ። በዚህ ወር አንድ ሰውዬ አንድ ሙሉ በር በብርድ ልብስ ጠቅልሎ መጣና በእጄ ይዤው ልግባ አለ። አይቻልም ብንለው፣ ቁልፉም እኮ አብሮት አለ ብሎ ተከራከረን። አንድ ልብስ ሰፊ ደግሞ የሻንጣው ኪሎ እንዳይበዛበት የደንበኞቹን አራት ሙሉ ልብስ ደራርቦ ለብሶ፣ ክንዱ አልታጠፍ ብሎት መጣ። ኮትዎን ያውልቁ አልነው። አወለቀ፤ ሌላ ኮት። ይህንንም ያውልቁ፤ ሌላ ኮት። እንደ ሽንኩርት ልጠን ልጠን መጨረሻ ላይ አንድ ቀጭን ሰው ከውስጡ ወጣ። የባርኔጣ ካርቶን ውስጥ ኤሊ የደበቀችም ነበረች። እኔ የሻንጣ ውስጡን በሚያሳየው ማሽን ላይ ተቀምጬ በመስኮቱ አጥንት ሲራመድ ባይ ጮህኩ።

ከሁሉ የማይረሳኝ ግን የአንዲት ባልቴት ነገር ነው። መንገደኛውን ሁሉ «ሰው የሰጠዎት ነገር አለ?» ብለን እንጠይቃለን። ሌላ ሰው ያስያዘው ዕቃ መኖሩን ለማወቅ ነው። ባልቴቷ ትክ ብለው አዩኝና፣ «ማን ሰጥቶኝ ያውቃል ልጄ፣ ሁሉም ተቀባይ ነው» አሉኝ። ያን ቀን በሳቅ ሞትን። ዛሬ ሳስበው ግን እኛ በወረቀት የምንጠይቀውና ሰው ከሆዱ የሚመልሰው ነገር አንድ ቀን እንኳ ተገናኝቶ አያውቅም።

እኛ በዋናነት የምንፈልገው በርም ኤሊም አይደለም፤ ገንዘብ ነው። ከተፈቀደው በላይ ይዞ የሚወጣ ሰው መግቢያው ላይ ባለው መስኮት ማስመዝገብ አለበት። ማስታወቂያው መስታወት ላይ ተለጥፏል፤ ከፊቱ ትልቅ የአበባ ማሰሮ ቆሟል። ሳያስመዘግብ ከተገኘበት አንድ ወረቀት እንሞላለን። ወረቀቱ ላይ «ገንዘቡ የማን ነው?» የሚል ጥያቄ አለ፤ ከሥሩ ሁለት ትንንሽ ሳጥኖች አሉ። «የራሴ» ካለና ማስረጃ ካሳየ ቅጣቱን ከፍሎ ይሄዳል። «የሌላ ሰው» ካለ ገንዘቡ እዚያው ይቀራል፤ ባለቤት መጥቶ የኔ ነው እስኪል ድረስ። እስከ ሠላሳ ቀን ካልመጣ ተወረሰ ማለት ነው።

አሁን አገር ምድሩ የሚከራከረው በዚሁ ነው። በሬዲዮ አንድ የሕግ ሰው፣ ሰውዬው ወንጀል ሳይገኝበት ገንዘቡ እንዴት ወንጀለኛ ይሆናል እያለ ይጮሃል። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ደግሞ፣ ንጹሕ ሰው ምን አስደበቀው ብሎ ይመልስለታል። እኛም ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ በዚሁ ስንነታረክ እንውላለን። አለቃችን ምሳውን እንኳ ሳይመዝን የማይበላ ሰው ስለሆነ «ሚዛን» ነው የምንለው። የሱ ቃል አንድ ነው፤ ንጹሕ ገንዘብ ገበር ውስጥ አይሰፋም ይላል። የሠራተኛ አውቶቡስ የሚነዳው ሰውዬ ደግሞ፣ ትልቁ ሌባ በባንክ ነው የሚያልፈው፣ በገበር የሚያልፈው ድሀ ነው ይላል። ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው አንቺስ ምን ትያለሽ ሲሉኝ ጫማዬን ማሰር እጀምራለሁ።

ክርክሩ ሲበረታ አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ያለፉት ሦስት ዓመታት መዝገቦች አንድ በአንድ እየተገለጡ ነው። መዝገቡ ላይ የፈረመ ሠራተኛ ሁሉ እየተጠራ ይጠየቃል፤ የኔ ተራ ሐሙስ ሳምንት ነው። ከመዝገቦቹ አንዱ ላይ የአባዬ ስም አለ። ከሥሩ ያለው ፊርማ የኔ ነው።

ይኸው ወጣልኝ። ከኮሚቴውና ከሬዲዮው ከምትሰሚው ከኔ ብትሰሚ ይሻላል ብዬ ነው። አባዬ የቤቱን ገንዘብ አልጠጣውም እማዬ። አንድ ጠብታ አልጠጣም። ገንዘቡ እኔ በምሠራበት ጠረጴዛ ላይ ተያዘ፤ ያገኘሁትም እኔ ነኝ።

ያን ቀን ጠዋት ማሽኑ ላይ ተረኛ ነበርኩ። ቤቱ መሸጡን አውቅ ነበር። በእጁ መርጎ፣ በእጁ ለስኖ የሠራውን ቤት ለገዢው ሲያስረክብ ግድግዳውን በመዳፉ ዳሰስ አድርጎት ወጣ። አንቺና ማሙሽ ወዳላችሁበት የሚበረው ግን በሚቀጥለው ሳምንት መስሎኝ ነበር። ለካ ሐኪሙ የማሙሽ ልብ ጊዜ አይሰጥም፣ ቀዶ ሕክምናው ይፍጠን ማለቱን ዋዜማውን ነግረሽው ቲኬቱን አስቀይሮ ኖሯል። ሊነግረኝ ደውሏል። እኛ ግን ሥራ ስንገባ ስልካችን ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ነው የሚውለው። ማታ ስከፍተው ሰባት ጊዜ ደውሎ አገኘሁት። ገንዘቡን እንዴት አድርጌ ይዤ ልለፍ ብሎ ሊጠይቀኝ ነበር፤ ሌላ ምን ሊለኝ?

አንድ ኮት በትሪ ሆኖ ወደ ማሽኑ ገባ። ከመንገደኛው የሚለየን ግርዶሽ ስላለ የማን ኮት እንደሆነ አላየሁም። ወረቀት በኛ መስኮት ላይ ብርቱካናማ ሆኖ ነው የሚታየው። ከኮቱ ወገብ እስከ ብብቱ ድረስ፣ ገበሩ ውስጥ፣ ጠፍጠፍ ብሎ ተደርድሯል። ልማድ ሆኖብኝ ማሽኑን አቁሜ እጄን አነሳሁ። ሚዛን መጣ። ቀና ብዬ ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አባዬ ቀበቶውን በአንድ እጁ፣ የሱሪውን ወገብ በሌላው ይዞ በካልሲ ቆሟል። ሲያየኝ ፊቱ ሊፈካ ጀመረ። ከዚያ ከጎኔ ሚዛንን አየና ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰው። አንዲት ባልደረባችን የአጎቷን ሻንጣ ሳትፈትሽ አሳለፈች ተብላ በሰው ፊት መታወቂያዋን ተነጥቃ ተባርራ ነበር፤ ይህን ያጫወትኩት እኔው ነኝ። ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር። አልረሳውም ማለት ነው።

ሚዛን ገበሩን በምላጭ ተረተረው። ወረቀቱን የሚሞላው ያገኘው ሠራተኛ ነውና ሙዪ አለኝ። ደረታችን ላይ ቁጥር እንጂ ስም ስለሌለ ማን ከማን እንደሚወለድ የሚያውቅ አልነበረም። እስክሪብቶዬን አነሳሁና «አባቴ» አልኩት። ሽማግሌውን ሁሉ አባቴ ነው የምንለው እማዬ፤ ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። እውነቱን በሰው መሐል ጮክ ብዬ ተናግሬው ሰሚ አላገኘሁም።

«አባቴ፣ ይህ ገንዘብ የማን ነው?»

«የልጄ ነው» አለ። «ልጄ ታሞብኝ ነው። እርስዎን ካስቸገርኩ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እርስዎ አለኝ። አንቺ ቀበጥ፣ አንቺ ዓይኔ፣ አንቺ ነገረኛ እያለ ያሳደገኝ ሰው፣ እንጀራዬን እንዳላጣ ብሎ እንደማያውቀኝ ሰው አከበረኝ። ያን ቃል ከሰማሁ ወዲህ በማንም አፍ እርስዎ ስባል ሰውነቴ ይሸማቀቃል።

አሁን የምነግርሽን በደንብ ስሚኝ። ሌላውን መንገደኛ እንዲህ ሲመልስ ስንት ጊዜ አርሜዋለሁ! «እማማ፣ የልጄ ነው ማለት የራስዎ ነው ማለት አይደል? ከየት አመጡት? ላም ሸጠው? እንግዲያው የራሴ ይበሉ» እያልኩ ስንቱን የማላውቀውን ሰው አሳልፌያለሁ። ሕጉም አይከለክልም። ለአባዬ ግን አፌ ተሳሰረ። አንድ ቃል ብጨምር ድምፄ ይክደኛል፣ ሚዛን ያውቃል፣ እባረራለሁ ብዬ ፈራሁ። «የሌላ ሰው» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረግኩና ፈረምኩ። ቅጂውን ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀበለኝና አመሰገነኝ።

ከፈለጉ አውሮፕላኑ አላመለጠዎትም አሉት። ባዶ እጄን ምን ላደርግ ብሎ ጫማውን አድርጎ፣ ገበሩ እንደተንጠለጠለ ኮቱን ለብሶ ተመለሰ። ልከተለው ስችል ከኋላው የነበረውን ትሪ ሳብኩ።

ከዚያ ስምንት ቀን አልፈለግኩትም። ለራሴ፣ ተቆጥቶኝ ይሆናል፣ ይብረድለት እያልኩ። ውሸቴን ነው፤ ከሱ ጋር ስታይ ዘመድነታችን እንዳይታወቅ ብዬ ነው። እሱም አልፈለገኝም። ያን ጊዜ በየቀድሞ ደንበኛው በር እየዞረ ብድር ሲለምን ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የሰውን ግድግዳ ለስኖ፣ አንዱ ግድግዳ እንኳ ሊያስጠጋው አልቻለም። በዘጠነኛው ቀን አንቺ ደወልሽ።

ያን ቀን ያልሽኝን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። «አባትሽ አመሉ ተመለሰበት፤ የልጄን ልብ ጠጣው» አልሽኝ። መጠጥ ከተወ አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የቆጠርሽለት አንቺ ነሽ፤ ግን በአንድ ስልክ አመንሽው፣ ምክንያቱም የነገረሽ እሱ ራሱ ነው። ጠጣሁት ብሎ ደውሎልሽ ነበር፤ አውሮፕላን ጣቢያ ሳልደርስ መንገድ ላይ ጠጣሁት ብሎ። አንቺም እያለቀስሽ፣ ያን ሰሞን ሲያልፍ አይተሽዋል ወይ ብለሽ ጠየቅሽኝ።

አላየሁትም አልኩሽ።

በዚያ ብቻ ባበቃ። «ምን ይደረግ እማዬ፣ አመል ያወጣል ከመሐል» ብዬ ተረትኩልሽ። አንቺም አዎን ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን እሆን ነበር አልሽኝ። ያን ተረት ከጥርሴ መሐል ነቅዬ ባወጣው ደስ ባለኝ።

ወሩ ሳይሞላ የሆነውን ያየሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ ወረቀት ላይ አላሰፍረውም። ከማሙሽ መቃብር ርቄ አልሄድም ብለሽ እዚያው ከተማ ቀረሽ፤ በዚያው ሆስፒታል የሰው አንሶላ ታጥቢያለሽ። አባዬ እዚህ የሚጠራበትን ስም ግን አልነገርኩሽም። ሰፈር ውስጥ መጀመሪያ «የልጁን ገንዘብ የጠጣው» ይሉት ነበር። ሰው ረጅም ነገር አይወድምና አሁን አሳጥረው «ልጁን የጠጣው» ይሉታል። ሱቅ ሲሄድ ይሰማል። ሰምቶ ሳሙናውን ገዝቶ ይመለሳል። የተከራየበት ሰውዬ ለሰካራም አላከራይም ብሎ ካስወጣው ወዲህ ከኔ ጋር ነው የሚኖረው። እስካሁን ያልነገርኩሽ አንቺ ስሙን አታንሺብኝ ስላልሽኝ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በመጋረጃ ተለያይተን ነው የምናድረው፤ ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ሆኖናል፤ አንድ ቀን አፉ መጠጥ ሸቶኝ አያውቅም።

እንግዲህ ከአራት ወር በፊት የሆነውን ልንገርሽ። ያ ኮት ገበሩ እንደተተረተረ ነው። ስንት ጊዜ ልስፋልህ ብለው፣ ተዪው እንዲህም ይሞቃል ይለኛል። ሊታጠብ ወደ ወንዶች መታጠቢያ የሄደ ቀን፣ መርፌና ክር አንስቼ ጀመርኩት። እጅጌው ላይ ስደርስ እጄን አንድ ነገር ቆረቆረው። ያ እኔ የፈረምኩበት ወረቀት ነው፤ አራት ቦታ ተጣጥፎ፣ እጥፋቱ አልቆ ሊቆራረጥ ደርሷል። ከግርጌው በማተሚያ የተጻፈ ዓረፍተ ነገር አለ። «ገንዘቡ የሚለቀቀው ባለቤቱ በሠላሳ ቀናት ውስጥ በአካል ሲቀርቡ ብቻ ነው» ይላል። «ባለቤቱ» የሚለውን ቃል በዚያ በወፍራሙ የግንበኛ እርሳሱ ከሥሩ አስምሮበታል። ከጎኑ ያንቺን ስም ጽፎበታል።

ቆሜ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ወረቀቱ የሚለው የገንዘቡ ባለቤት ነው፤ አባዬ ያነበበው ሚስቱን ነው። እንዴት ሌላ ያንብብ? ልብስ ሰፊ ቤት ሲሄድ «ባለቤቴ መርጠውት ነው»፣ ሐኪም ቤት ሲሄድ «ባለቤቴ ልከውኝ ነው» ይላል እንጂ አንድ ቀን በስምሽ ጠርቶሽ የማያውቅ ሰው። መሥሪያ ቤታችንም አክባሪ ነውና «ሲቀርብ» አላለም፤ «ሲቀርቡ» አለ። «ሲቀርብ» ቢል ኖሮ ወንድ መሆኑን አይቶ ቆም ብሎ ያስብ፣ አንዱን ይጠይቅ ነበር። ትሕትናችን ገደለን እማዬ።

ሲመለስ ወረቀቱን እጄ ላይ አየው። ምን ማለት መስሎህ ነው ብዬ ጠየቅኩት። ፎጣውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ባለቤትህ ራሷ ካልመጣች አንሰጥም አሉ አለኝ፤ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። ከዚያ፣ «ከልጁ ራስጌ አንስቼ እንዴት ላምጣት? እሷ ከተነሳች ማን ሊቀመጥለት?» አለ።

እነዚያን ቀናት ሁሉ ያንን ሲያመዛዝን ነው የኖረው። ገንዘቡን ላስመጣ ብሎ አንቺን ከልጁ ይለይ፣ ወይስ ገንዘቡ ይቅርና አንቺ ከልጁ ጋር ሁኚ። በዚያ መሐል የቤቱ ሽያጭ ውል ሻንጣው ውስጥ ተቀምጧል። ያንን ይዞ በማግስቱ ቢመለስና ቤቴን ሸጬ ነው፣ የራሴ ነው ቢል ቅጣቱን ከፍሎ ቀሪውን ይሰጡት ነበር። ይህን የምታውቅ ልጅ ነበረችው። ሁለት አውቶቡስ ተሳፍራ ብትሄድ፣ ወረቀቱን ብታይለት፣ አባዬ ባለቤቱ ማለት እኮ እንዲህ ማለት ነው ብትለው ነገሩ ያልቅ ነበር። ስምንት ቀን ይብረድለት ብላ ተቀመጠች። ከስምንቱ ቀን በኋላ ደግሞ ያን ተረት ተርታ ስለነበር ፊቱን ለማየት ፈራች።

የቃሉን ትርጉም አልነገርኩትም። እስከ ዛሬም አልነገርኩትም። ሬዲዮ ላይ ክርክሩ ሲጀመር ድምፁን እቀንሳለሁ፣ ወይም ድስቱን አንኳኳለሁ። አንድ ቀን የሕግ ሰውየው «የገንዘቡ ባለቤት» ሲል ባትሪው አለቀ ብዬ አጠፋሁት።

ያን ቀን ግን አንድ ነገር ደፍሬ ጠየቅኩት። እሺ እማዬን ከልጁ ላለማንሳት ብለህ ደበቅካት፤ ግን ለምን ጠጣሁት አልካት አልኩት። ሌላ ውሸት ጠፍቶ ነው? ሌባ ሰረቀኝ ብትል፣ ጠፋብኝ ብትል ምን ነበረበት? መርፌው እንደተሰካበት ኮቱን ከጭኔ ላይ ወሰደና ገበሩን በጣቱ እየዳሰሰ ቆየ።

«ሌባ ካልኩ የት ትለኛለች። አውሮፕላን ጣቢያ ካልኩ እዚያ የምትሠራው ልጄስ የት ነበረች ትለኛለች» አለኝ። «ያኔ አንዱ ልጅ አልጋ ላይ ነበር። ሁለት ልጅ እንዳታጣ ብዬ ነው። እኔን ማጣት እንደሆን ለምዳዋለች።»

ከዚያ መርፌውን ነቀለና ተዪው ገበሩን፣ እንዲህም ይሞቃል ብሎ ኮቱን ሰቀለው።

እማዬ፣ እንዳትነግሪያት ብሎ አስምሎኝ ነበር። አራት ወር ጠበቅኩለት። ሐሙስ ሳምንት ኮሚቴው ፊት ስቆም ስሜን ከነአባቴ ይጠሩታል፤ መዝገቡ ላይ ያለው ሰው ስም አብሮ ይጠራል፤ ያን ጊዜ አላውቀውም ልል አልችልም፣ ልልም አልፈልግም። ሥራዬን እንደማጣ አውቃለሁ፤ ሚዛን ከአሁኑ ዓይኔን ይሸሻል። ለኮሚቴው ከመናገሬ በፊት ግን ላንቺ ልናገር ብዬ ማህላዬን አፈረስኩ። ከሁለታችን ማንን እንደምታጪ የምትወስኝው አንቺ ነሽ። እኔ እንደሆንኩ ማሪኝ ለማለት አፍ የለኝም፤ ማሪኝ ያልኩ እንደሆን ደግሞ ማሙሽ ይሰማኛል።

አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። እሱን ያናገርሽው እንደሆን የቃሉን ትርጉም አትንገሪው። እሱ አንቺን ከልጅሽ ላለመለየት ብሎ ገንዘቡን እንደተወ ያምናል። በዚህ ነው ሌሊቱን የሚተኛው። መምረጥ እንዳልነበረበት፣ ውሉን ይዞ አንድ መስኮት ላይ መቆም ብቻ ይበቃው እንደነበር ቢያውቅ አይተርፍም። ያንን እኔ ብቻዬን ልወቀው።

ስልኬን አሁን ቤት እየተውኩለት ነው ሥራ የምሄደው። ከጠዋት ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚያነሳው እሱ ነው። ሲያነሳ አይናገርም፤ መጀመሪያ ማን እንደሆነ ያዳምጣል፤ ስድብ ለምዷልና። ዝም ሲል ስልኩ የተቋረጠ መስሎሽ እንዳትዘጊው።

ምርቃት ከወላጅ ወደ ልጅ ነው የሚወርደው፤ እኔ ወደ ላይ ልመርቅሽ አልችልም፣ መርቂኝም አልልሽም። ብቻ ያሳደገን አምላክ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ ሳሉን ያርቅልሽ፤ ሄደሽ ከምትቀመጪበት ከልጅሽ ዘንድ በሰላም ያመላልስሽ። ለሱም ስለ እኔ የምትነግሪውን አንቺ ታውቂያለሽ።

የቀረችሽ ልጅ